የጣና ዳር ሕሙምና የጠጣው መድኃኒት

በጣና ባሕር ዙሪያ፣ ከባሕር ዳር ጊዮርጊስ ደጅ ተነሥቶ በዘጌ ደን በኩል አድርጎ እስከ ጎርጎራና እስከ ደንቢያ ሜዳ በሚደርሰው ሀገር፣ መድኃኒት መጠጣት ደዌ የመጣ ቀን ብቻ የሚታሰብ ነገር ሳይሆን እንደ ጾምና እንደ በዓል በዘመን ቍጥር ውስጥ የገባ ልማድ ነበር። ከዚህም ልማድ ዋነኛው ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ የኮሶ ትል አይለየውምና፣ ባላባቱም ባላገሩም፣ ካህኑም ወታደሩም፣ በየሁለት ወሩ ገደማ የደረቀውን የኮሶ አበባ አስወቅጦና አስበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆዱ ይጨልጠውና ቀኑን ከቤቱ ሳይወጣ ይውል ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ አይቀበልም፣ ለሙግት አይቆምም፣ ጌታውም ለሥራ አያስገድደውም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» የሚለው ቃል ሌላ ምክንያት ሳይጨመርበት ይበቃ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ይህን መድኃኒት መቼ እንደ ጠጣ ቤተ ሰቡ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም ያውቀዋል፤ ቢያመው፣ ቢያስመልሰው፣ ቢዝለፈለፍ «ኮሶው በዝቶበት ይሆናል» ብሎ የሚናገርለት ምስክር አያጣም ነበር።

ከኮሶ የተረፈው መድኃኒት ግን እንደዚህ በገሃድ የሚጠጣ አልነበረም። እንቆቆና መተሬ፣ ብሳናና ግራዋ፣ ዳማከሴና ጤና አዳም በየጓሮውና በየዱሩ የታወቁ ቢሆኑም፣ ለጽኑ ደዌ የሚሰጠው ሥራ ሥርና ቅጠል በደብተራው ወይም በመድኃኒት ዐዋቂው ልብ ተሰውሮ የሚኖር፣ ከአባት ወደ ተመረጠው ልጅ ብቻ የሚተላለፍ፣ ስሙ በአደባባይ ከተጠራ ኃይሉ ይደክማል ተብሎ የሚታመንበት ምስጢር ነበር። ዐዋቂው ዕፁን ሰው ሳያየው ይቈርጠዋል፤ ደቍሶም ከማር ወይም ከሌላ ነገር ጋር ስለሚያዋሕደው መልኩና ሽታው ይጠፋል፤ ሕሙሙም የተሰጠውን ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ይቀበላል፤ ቢጠይቅ በመድኃኒቱም በሰጪውም ላይ እንደ ተጠራጠረ ይቈጠርበታልና። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሻው ነገር መሠረቱ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በባሕር ዳር ሆስፒታል ሐኪሙ «ከዚህ ቀደም ምን መድኃኒት ወስደሃል?» ብሎ ሲጠይቅና ሕሙሙ «ምንም» ብሎ ሲመልስ፣ ያ መልስ የሐሰተኛ ሰው መልስ ሳይሆን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠበቅ የኖረ የዝምታ ሥርዓት ድምፅ ነው፤ ሐኪሙም ይህን ታሪክ ካላወቀ የደዌውን ምንጭ ፈልጎ ማግኘት ይቸግረዋል።

ሆኖም አበው ይህን ጥያቄ ፈጽመው አያውቁትም ነበር ማለት ሐሰት ይሆናል። በግእዝና በአማርኛ የተጻፉት የመድኃኒት መጻሕፍት የዕፁን ስም፣ የሚቈረጥበትን ቀንና የሚሰጥበትን ሁኔታ ከዘረዘሩ በኋላ፣ ስለ ማርከሻ ይናገራሉ፤ ይኸውም መድኃኒቱ በሕሙሙ ላይ ሲጸናበት ኃይሉን የሚሰብርለት ነገር ነው። በአማራ ሀገር ወተትና እርጎ፣ ተልባና ማር ለዚሁ ሲያገለግሉ ኖረዋል። ማርከሻ አዘጋጅቶ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው መድኃኒት ራሱ ደዌ ሊሆን እንደሚችል ያመነ ሰው ነው፤ ያመነም ከሆነ፣ ሌላ ዐዋቂ ዘንድ ደርሶ የመጣውን ሕሙም «ምን አጠጡህ? ማርከሻውስ ምን ነበር?» ብሎ ሳይመረምር በላዩ ላይ ሌላ ዕፅ መጨመር እንደሚያስፈራው ግልጽ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ጥበብ አይደለም እላለሁ። እንግዳ የሆነው መልሱን በመዝገብ መጻፍና ሌላው ሐኪም እንዲያነበው መተው ነው።

የቀደሙት ባዕዳን ሐኪሞችም ወደዚህ ሀገር የገቡት መድኃኒት በተጠጣበት ሆድ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1699 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ከግብፅ በሱዳን በኩል ጎንደር ደርሶ ዐፄ ኢያሱን አከመ። ከሰባ ዓመት በኋላ በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ ከተማይቱን ፈንጣጣ ይዟት ነበር፤ ሐኪም ነው መባሉም በእቴጌ ምንትዋብ ቤት በቍስቋም ሕሙማኑን እንዲያይ አስጠራው። ብሩስ ስለዚህ ነገር የጻፈውን ሳነብ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ፣ ስለ ደዌው ከጻፈው ይልቅ እርሱ ከመድረሱ በፊት ስለ ተሰጠው መድኃኒት የጻፈው ነው። ከዋልድባ የመጣ፣ በቅድስናው የተከበረ አንድ መነኵሴ፣ በቆርቆሮ ሳሕን ላይ ምስጢራዊ ፊደላትን በቀለም ጽፎ፣ ጽሕፈቱን በመድኃኒት ውሃ አጥቦ ለሕሙማኑ እንዳጠጣቸው ይተርካል። ብሩስ ይህን በንቀት ዐይን ቢያየውም አልዘለለውም፤ ማን እንደ ሰጠ፣ በምን ላይ እንደ ተጻፈ፣ በምን እንደ ታጠበ መዝግቦልናል። የኋላ ሐኪም የሚሻውም ይህንኑ ነው፤ የተጠጣው የጸሎት ቃል ቢሆንም እንኳ የታጠበበት ውሃ ዕፅ ሊኖርበት ይችላልና።

ብሩስ ኮሶንም በዐይኑ አይቶ ሥዕሉን በመጽሐፉ አውጥቶ፣ ለወዳጁ ለእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ በስሙ ሰየመው፤ መጽሐፉ በ1790 ታትሞ ወጣ። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ኮሶ ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ገባና በፓሪስና በለንደን መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር። በዚያው በብሩስ ዘመን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ፣ አንዲት ባልቴት በቤተ ሰብ ምስጢር ጠብቃ የያዘችውን፣ ሃያ ያህል ዕፅዋት የተቀላቀሉበትን የእብጠት መድኃኒት መርምሮ፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚሠራው ዲጂታሊስ የተባለው ቅጠል እንደ ሆነ ለይቶ፣ መጠኑንና አደጋውን በ1785 ጽፎ አሳተመ። ያ ቅጠል እስከ ዛሬ በልብ ሕክምና ቦታ አለው። ዊዘሪንግ የባልቴቲቱን ቅመም «የባላገር ነገር» ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ይህ መድኃኒት ስንት ዘመን በዘገየ ነበር እያልሁ አስባለሁ። የእኛም ሀገር ባልቴቶችና ደብተራዎች የያዙት ነገር እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ ጠያቂ ይገባው ነበር።

ወደ ኮሶ ልመለስ፤ ሁሉም የሚያውቀው መድኃኒት እንኳ ሲረሳ ምን እንደሚያደርስ እርሱ ያሳያልና። ኮሶ ትሉን ያወጣል፤ መጠኑ ከበዛ ግን ሰውን ክፉኛ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ያደክማል፤ እርጉዝ ሴትም እንዳትጠጣው ቀድሞም ትከለከል ነበር። ከዚህ ሌላ በ1969 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ ኮሶ ከመጠን በላይ የወሰዱ ሰዎች የዐይናቸው ብርሃን እንደ ተጎዳ ገለጸ፤ በኋላም በሌላ ሀገር በእንስሳት ላይ የተደረገ ምርመራ ኮሶና የእንቆቆ ዘመድ የሆነው ዕፅ ብርሃን የሚቀበለውን የዐይን ክፍል እንደሚጎዱ አረጋገጠ። እንግዲህ በድንገት ማየት ያቃተው ሰው ወደ ሐኪም ሲመጣ፣ ሐኪሙ ዐይኑን በመሣሪያ ቢመረምር የዐይኑ ነርቭ መጎዳቱን ያያል፤ ማን እንደ ጎዳው ግን መሣሪያው አይነግረውም። ያንን የሚነግረው ሕሙሙ ነው፤ ሕሙሙም የሚነግረው ከተጠየቀ ብቻ ነው። በዘመናችን የትል ክኒን በየመድኃኒት ቤቱ ስለ ተገኘ ኮሶ መጠጣት ከከተማው ቀርቷል፤ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው የአደባባይ ነገር መሆኑም አብሮ ቀርቷል። ዛሬ የሚጠጣው ሰው በብዛት ብቻውንና በዝምታ ይጠጣዋል፤ ስለዚህ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዘመናዊው ሕክምና ወደ ጣና ዳር የመጣው በወባ ምክንያት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በ1953 በባሕሩ ሰሜን ባለው በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚገመት ሰው ፈጀ፤ በዓመቱ በ1954 የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኰንኖችን፣ የሕዝብ ጤና ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን ያሠለጥን ጀመር። በ1958 ደግሞ ሌላ ወረርሽኝ በብዙ ጠቅላይ ግዛቶች ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። ከዚያ ወዲህ በባሕሩ ዙሪያ ትኵሳት ማለት ወባ ማለት ሆነ፤ ክሎሮኪን የተባለውንም መራራ ክኒን ያልቀመሰ ባላገር አልነበረም። ሕዝቡ ትኵሳት ሲይዘው ስለ ክኒኑ ያስባል፤ የጤና ሠራተኛውም እንዲሁ። ይህ ልማድ ብዙ ነፍስ አድኗልና አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ በዚያው በባሕሩ ምሥራቅ የደረሰው ነገር ልማዱን ክፉኛ ፈተነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከፎገራ ሜዳ ቀጥሎ፣ ሊቦ ከምከም የሚባል ወረዳ አለ፤ ከተማው አዲስ ዘመን ነው። ከ2003 ጀምሮ በዚህ ወረዳ ቀበሌዎች ሰዎች በማይለቅ ትኵሳት ይያዙ፣ ሰውነታቸው ይመነምን፣ ሆዳቸው በጣፊያ እብጠት ይነፋ ጀመር። ደዌው ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ አልዳኑም። ደግሞም ተሰጣቸው፤ አልዳኑም። ያን ጊዜ በሀገራችን የወባ ተሐዋሲ መድኃኒቶችን እየለመደ አስቸግሮ ነበር፤ ክሎሮኪን ደክሞ ፋንሲዳር ተተክቶ፣ ፋንሲዳርም ደክሞ በ2004 ኮአርተም መተካቱ ነበርና፣ ባለሙያዎቹ «መድኃኒት የለመደ ወባ ነው» ብለው ቢፈርዱ የሚያስወቅሳቸው አይደለም። በግንቦት 2005 ግን ነገሩ ተገለጠ፤ ደዌው ወባ ሳይሆን ካላዛር ነበር። ካላዛር ቀድሞ በመተማና በሑመራ ቆላ የሚታወቅ፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ደዌ ነው፤ ደገኛው ሕዝብ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ እየወረደ ሲመለስ ደዌውን ይዞ እንደ መጣ ይታሰባል። እስከ መስከረም 2005 ድረስ በወረርሽኙ 2,450 ያህል ሰዎች እንደ ታመሙና 120 ያህል እንደ ሞቱ ተገምቷል፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅትም በአዲስ ዘመን ሕክምና መስጠት ጀመረ።

በዚህ ታሪክ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ከጉዳያችን ሁሉ የሚበልጥ ነገር በውስጡ አለና። የሊቦ ከምከም ሕሙማን የወሰዱት መድኃኒት አልተሰወረም ነበር፤ የሰጣቸው ጤና ጣቢያው ራሱ ነው። የመድኃኒቱ ታሪክ ታውቋል፤ የታሪኩ ትርጓሜ ግን ስቷል። መድኃኒት ወስዶ ያልዳነ ሰው ሦስት ነገር ይነግረናል፤ ወይ መድኃኒቱን በትክክል አልወሰደም፣ ወይ ተሐዋሲው መድኃኒቱን ለምዷል፣ ወይም ደዌው ሌላ ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት «የወባ መድኃኒት ወስደሃል?» ብሎ «አዎን» የሚለውን ቃል መቀበል አይበቃም። የትኛውን ክኒን ነው? ስንት ቀን? ከምግብ ጋር ነውን? ሲሻልህ ጊዜ የቀረውን ለልጅህ አኖርኸው ወይስ ጨረስኸው? ክኒኑ ከመሰጠቱ በፊት ደምህ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ነበር? ትኵሳቱ ለአንድ ቀን እንኳ ለቆህ ነበር? ከዚያ ዓመት በፊት ለአጨዳ የት ወርደህ ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች ጊዜ ሰጥቶ የጠየቀና የብዙ ሕሙማንን መልስ አንድ ላይ ያየ ሰው፣ በትክክል የተወሰደ መድኃኒት በአንድ መንደር ሰዎች ሁሉ ላይ ያለ ልዩነት ሲከሽፍ፣ የደዌውን ስም ራሱን ለመጠራጠር ይገደዳል። ጤና ጣቢያ የሚውል ባለሙያ በቀን የሚያየውን ሰው ብዛት አውቃለሁና ይህን ስል ልወቅሰው አይደለም፤ እነዚህ ጥያቄዎች የሚወስዱት ጥቂት ደቂቃ ግን ከማናቸውም ምርመራ የረከሰ ነው። ካላዛር ከታወቀ በኋላም የመድኃኒት ጥያቄ አላበቃም፤ ሕሙሙ ቀድሞ ለካላዛር ታክሞ ከነበረና ካገረሸበት ሕክምናው እንደ አዲስ ሕሙም አይሆንምና፣ ዛሬም መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

በ2005 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ጥያቄው ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መጣ። የጎጃም ሰው ከግሽ ዓባይ ጀምሮ በየአድባራቱ ጠበል አለው፤ ጠበል የሚጠመቅ ሰውም በጾምና በጸሎት ተወስኖ ሌላ መድኃኒት የማይቀምስበት ልማድ ስላለ፣ ብዙዎች ክኒኑን ትተው ጠበል ገቡ፤ ተመልሰው ሲመጡም ማቋረጣቸውን መናገር አፈሩ። ሐኪሙም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ወደ ሌላ፣ ብርቱ ወደ ሆነው መድኃኒት ሊያሻግራቸው ይቃጣል፤ ያልተዋጠ መድኃኒት ግን ሊሠራ አይችልም። በ2007 ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንና ክኒኑን አብረው እንዲወስዱ በግልጽ መምከራቸው ለዚህ ችግር የተሰጠ ታላቅ መድኃኒት ነው እላለሁ፤ ሕሙሙ በእምነቱና በሐኪሙ መካከል እንዲመርጥ ከመገደድ አድኖታልና፤ ያልተገደደ ሰው ደግሞ እውነቱን ለመናገር አይፈራም። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ይወስደው የነበረው ኤፋቪሬንዝ የተባለው ክኒን ሌሊት የሚያስፈራ ሕልም ያመጣል፣ አእምሮንም ያውካል፤ ቤተ ሰብ ይህን ከክፉ መንፈስ ቢቈጥረው አይፈረድበትም፤ ሐኪሙ ግን ክኒኑ የተጀመረበትን ቀንና ሕልሙ የጀመረበትን ቀን ጎን ለጎን ካስቀመጠ ነገሩን ሊለየው ይችላል።

ዛሬ በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አልጋ ላይ የሚተኛው ሕሙም በሆዱ የሚይዘው መድኃኒት ከአያቶቹ ይልቅ በዝቷል። የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው ኤናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ሳል በበዛበት ሀገር ይህ ሳል ወደ ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሊያስኬድ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ሌሎችን መድኃኒቶች በጉበት ውስጥ ያሟጥጣል፤ ስለዚህ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነውን ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሕሙም ሁለቱን አንድ ላይ ሲወስድ በቀን አንድ ጊዜ የነበረው 50 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ ይሆንለታል፤ አንዱን ደብቆ ቢቀር ግን የዶሉቴግራቪሩ ኃይል ሊደክምበት ይችላል። ዐይኑ ቢጫ ሆኖ የመጣ ሰው ጉበቱን የጎዳው የነቀርሳው ክኒን ይሁን ወይስ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ያጠጡት ዕፅ፣ ወይስ ቫይረስ፣ በደም ምርመራ ብቻ ሁልጊዜ አይለይም። የጨጓራ ደም የሚያስመልሰውም ሰው ለወገቡ ሕመም ከሱቅ ገዝቶ የሚውጠውን ዲክሎፌናክ መድኃኒት ነው ብሎ አይቈጥረውም፤ የሱቅ ነገር ነውና። ሐኪሙ «ለወገብህ ምን ትውጣለህ? ለራስህ ምታትስ?» ብሎ በየሕመሙ ለይቶ ካልጠየቀ ይህ ሁሉ ይቀራል።

አጠያየቁም ሥርዓት አለው። በሀገራችን ሰው ምንም ሳይሰውር የሚናገርበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም የነፍስ አባቱ ፊት ነው። በዚያ ስፍራ የሚናገረው ስላልተፈረደበትና የሰማው ጆሮ ምስጢሩን ስለሚጠብቅለት ነው። አረጋዊቱን እናት «እማማ፣ መቼም ሰው ሲታመም ያገኘውን ሁሉ ይሞክራል፤ ወደዚህ ከመምጣትዎ በፊት ቤት ምን ሰጡዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ሐኪም ቅጠሉንም፣ ሥሩንም፣ የጎረቤቲቱን ክኒንም ይሰማል፤ «እንዲያው የማይረባ ነገር ጠጥተው እንዳይሆን!» የሚለው ግን አንዳች አይሰማም። በቅርብ ዘመን ደግሞ የፋርማሲ ትምህርት ወደ ሕሙሙ አልጋ ስለ ቀረበ፣ በየሆስፒታሉ ፋርማሲስቱ ራሱ ከሕሙሙ አጠገብ ተቀምጦ አስታማሚው በፌስታል ያመጣውን የክኒን ሁሉ ቅሪት ዘርግቶ ስሙንና መጠኑን መጻፍ ጀምሯል፤ ይህ ሥራ በጣም ደስ ያሰኘኛል።

የቀረው ዕፁን ማወቅ ነው። አስታማሚ «ነጭ ሥር ነው፣ ከዘጌ ያመጣነው» ካለ፣ ሐኪሙ ያንን በመዝገቡ ጽፎ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ከግእዝና ከአማርኛ የመድኃኒት ብራናዎች የዕፅዋትን ስም መርምሮ አሳትሟል፤ በ1989ም የገላሁን አባተ «እፀ ደብዳቤ» በሰብስቤ ደምሰው አዘጋጅነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታትሟል። እነዚህ ሥራዎች ዕፁ ለምን እንደሚሰጥ ይነግሩናል፤ ሐኪሙ የሚሻው ግን ሲበዛ ጉበትን ወይስ ኩላሊትን፣ ዐይንን ወይስ ልብን እንደሚጎዳ፣ ደግሞም ከየትኛው ክኒን ጋር እንደማይስማማ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ምሁራንና በሆስፒታሎቹ ሐኪሞች መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው፤ መድኃኒት ዐዋቂዎቹም ገና በሕይወት አሉ፣ በክብርም ከተጠየቁ ቢያንስ ማርከሻውን ለመናገር የሚከለክላቸው ምስጢር የለም።